የአርብ ስልክ

መቶ አለቃ ጁነዲን በጦርነቱ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መርዶው ግን ለእናቱ ለእማ መዲና አልተነገረም። «ልባቸውን ያማቸዋል፣ ይቆይ» ያሉት ዘመዶች ናቸው። ዘመድ ምን አለበት፣ ይቆይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንባዋን ውጣ፣ ከል ሳትለብስ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሱቋ ውስጥ ደንበኛ ስታስተናግድ የከረመችው ሚስቱ ኑርሀያት ናት። አርብ አርብ የጁነዲን ታናሽ ወንድም ጣሃ ከድሬዳዋ ይደውልና ድምፁን አጎርንኖ፣ «እማ፣ ደህና ነኝ፣ ኔትወርክ የለም» ብሎ ይዘጋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። መንግሥት ለሟች መኮንኖች ቤተሰብ የመደበውን ካሳ ለመቀበል እናትየዋም ሰመራ ቀርበው መፈረም ነበረባቸው። ኑርሀያት ለካሳ ቢሮው ሠራተኛ ለሰርክአዲስ በስልክ አልቅሳ ለመነቻት፦ ያስፈርሟቸው እንጂ ሞት የሚል ቃል እንዳይወጣ። ሰርክአዲስም ቃል ገባችላት። ኑርሀያት እማ መዲናን «የጁነዲንን ደመወዝ በውክልና ልንቀበል ነው» ብላ በሚኒባስ ሰመራ ይዛቸው መጣች።

ቢሮው ሲገቡ በሰርክአዲስ ወንበር ላይ ግን አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል።

«ፈቃድ ወጥታለች፤ ብዙነህ እባላለሁ» አለና ፋይሉን ገለጠ። ኑርሀያት በዓይኗ ለመነችው፤ እሱ ቀና አላለም። «የሟች የመቶ አለቃ ጁነዲን እናት እርስዎ ነዎት?»

ኑርሀያት የአማቷን ክንድ ጨበጠች። አሁን ይወድቃሉ፣ ገደልኳቸው አለች በልቧ።

«እኔ ነኝ» አሉ እማ መዲና።

«እማ... ያውቁ ነበር?»

«ጣሃ ማን እንዳሳደገው ረስቶ ነው ድምፁን የሚያጎረንንብኝ?» አሉ ሳይቆጡ። «መርዶው ከገባ ልጆቹን ይዘሽ ደሴ አባትሽ ቤት የምትገቢ መሰለኝ። ፈራሁ። እናንተን እንዳላጣ ጣሃን ጁነዲኔ ስል ከረምኩ።»

ብዙነህ ደንግጦ የጣት አሻራ ቀለሙን ገፋ አደረገላቸው። እማ መዲና እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«አልፈርምም። ሳልረዳ የልጄን ሞት በምን አፌ እመሰክራለሁ? ሰው ወግ አለው። ጎረቤት ተጠርቶ ነው የሚነገረኝ።»

«እናቴ፣ ምዝገባው እኮ ዛሬ ያበቃል» አለ ብዙነህ።

«እንግዲያው አርጂኝ» አሉ ወደ ኑርሀያት ዞረው።

ለኑርሀያት ይህ ዓመት ሙሉ የሸሸችው ቃል ነው። ብዙነህ ተነሥቶ በሩን ከፈተና ኮሪደሩ ላይ ተራ ለሚጠብቁት፣ «እባካችሁ ግቡ፣ መርዶ ነው» አላቸው። ሁሉም የሟች ቤተሰቦች ነበሩና ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ገብተው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

ኑርሀያት ከአማቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማ፣ ጁነዲን ሞቷል። እኔ ግን የትም አልሄድም።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ እማ መዲና፣ ሻሻቸውን ፈትተው። ከእናቲቱ ቀድማ የጮኸችው ግን ኑርሀያት ነበረች።