አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

«ወደ በቀለሽ ሄድሽ፣ ወርቄ! ተገናኛችሁ!» እያለች የሟቿ የእትዬ ወርቅነሽ እህት ደረቷን ስትደቃ፣ ትዕግሥት የጨበጠችውን ንፍሮ ሳትቀምስ ቀረች።

«በቀለ ማነው?» ብላ አጠገቧ የተቀመጡትን ጎረቤት፣ እትዬ ዓይሻን፣ በሹክሹክታ ጠየቀች።

«ልጇ ነዋ! በሦስት ዓመቱ ወባ የወሰደው። በያመቱ እዚህ ቤት ስትጽፊ የምትውይው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ትዕግሥት ለቤተሰብ ጥናት መረጃ ትሰበስባለች። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በሥራዋ የሚስተካከላት የለም፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች። ሌሎቹን የሚያባርረው ውሻ እሷን ጅራቱን እየቆላ ይሸኛታል። «ሰው ካልለመደሽ እውነቱን አይሰጥሽም» እያለች ጀማሪዎችን ታስተምራለች። እውነቷን ነው። እትዬ ወርቅነሽ ግን ከመላመድም አልፈው እናት ሆነዋት ነበር።

ማሾ እየለቀሙ ሁሉንም ይመልሱላታል፤ በሬው ስንት፣ ማሳው ስንት። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን ምላሷ ይያዛል። «በሕይወት ተወልዶ የሞተ ልጅ አለ?» ይላል። ባዕድን ቢሆን ዓይኗን ሳታሽ ትጠይቃለች። እሳቸውን እንዴት አድርጋ? ደግሞስ ቢኖር አይነግሯትም? «የለም» ብላ ትሞላና ገጹን ትገልጣለች። ሦስት ዓመት እንዲሁ አደረገች።

«ጨረስሽ?» ይሏታል ሁልጊዜ፣ ለቀማውን አቁመው። «ሌላ የምትጠይቂኝ የለም?»

«አለቀ፣ እትዬ!»

«እሺ» ይሉና ሰፌዳቸውን መልሰው ያነሳሉ። ብቸኝነት መስሏት ነበር።

ትዕግሥት አለቀሰች። ሰዉ ለሟች መሰለው፤ እሷ ግን በራሷ አፍራ ነበር። የዘንድሮው፣ የዘጠና ስድስት ዓ.ም. ቅጽ ገና ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ሰኞ ለተቆጣጣሪው ሲሰጥ በቀለ እንዳልተወለደ ሆኖ ይቀራል።

በሰልስቱ፣ ሰዉ ሲሳሳ፣ ቅጹን ይዛ ከሟቿ ባል፣ ከጋሼ በላይ፣ ፊት ቆመች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ በሕይወት ተወልዶ የሞተ ልጅ አለዎት?»

እትዬ ዓይሻ «ውይ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሽማግሌው ቀና አሉ።

«እሷን ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ሆዳቸው ይባባል ብዬ ፈራሁ።»

«አንቺ በሄድሽ ቁጥር፣ ‹ዛሬም አልጠየቀችኝም› ትለኝ ነበር።»

ከአግዳሚው ላይ ከዘራቸውን አነሱና ቦታ ለቀቁላት። ትዕግሥት ተቀመጠች። «የለም» የሚለውን ሰርዛ «አንድ» ብላ ጻፈች። ቅጹ ከዚህ ሌላ የሚፈልገው አልነበረም። እስክሪብቶዋን ከድና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እስቲ ስለ በቀለ ያጫውቱኝ» አለች።