የተሰፉት ገጾች

ጋሼ የሠራተኞቻቸውን ነፍስ ለማዳን የተነሡት ድንገት ነው። ለማዳኛ የመረጡት ሰዓት ግን የራሳቸው ሰዓት አልነበረም። ከስድስት እስከ ሰባት የነበረው የምሳ እረፍት ከመሃል ተቆረጠና ግማሹ መንፈሳዊ ንባብ ሆነ። ሠላሳ ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ በፈጣሪ ስም።

ስፌት ቤቱ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የሚሠራው። አሥራ ሁለት ሴቶች፣ አሥር መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዘጋ መስኮት። ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ልጅ ክር ቆራጭ ናት። ከመኪና የወጣውን ልብስ ትገለብጥና የተንጠለጠለውን ክር በትንሽ መቀስ ትለቅማለች። ምላጭ ይሏታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው ይባላል፤ ምላሷን የቀመሰ ግን አያምንም።

ምላጭ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ማንበብ ግን አላቋረጠችም። የሳሙና ካርቶን ታነባለች፣ የመድኃኒት ወረቀት ታነባለች፣ በር ላይ የተለጠፈ የሐዘን ማስታወቂያ ሳይቀር ቆማ እስከ ፊርማው ታነባለች። ስለዚህ በምሳ ሰዓቱ ነገር የተንጨረጨረችው ንባብ ጠልታ አይደለም። ጸሎትም ጠልታ አይደለም፤ ሳትጸልይ እንቅልፍ አይወስዳትም። ያንጨረጨራት የእህቷ ጡት ነው።

ታላቅ እህቷ እዚያው የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች። አራት ወር ያልሞላው ልጅ አላት፤ ጎረቤት ነው የሚውለው። ድሮ በምሳ ሰዓት ሩብ ሰዓት ሄዳ፣ ግማሽ ሰዓት አጥብታ፣ ሩብ ሰዓት ተመልሳ፣ ሰባት ላይ ወንበሯ ላይ ትገኝ ነበር። አሁን የቀረላት ደርሶ መመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ትገባና ወተቷን በእጇ እያለበች ታፈስሰዋለች። ልጁ እዚያ ጡጦ ይጠባል፣ ወተቱ እዚህ በቱቦ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ሸሚዟ ፊት ለፊት ሁለት ቦታ ይረጥባል፤ እሷም እንዳይታይባት ያልተሰፋ ኮሌታ አቅፋ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን እንደምንም ደፍራ ጠይቃቸው ነበር።

«ጋሼ፣ እኔን ብቻ ቢለቁኝ። ልጁን አጥብቼ ልምጣ።»

«ልጄ፣ የሚራበው ሆድ ብቻ አይደለም» አሉ ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ነፍስም ትራባለች።»

«የሱ ገና ሆዱ ነው የሚራበው» አለች ምላጭ ከኋላ።

ጋሼ አልሰሙም። መስማት የማይፈልጉትን ባለመስማት የሚያህላቸው የለም።

ወደ ቤት ሲሄዱ እህቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «አፍሽን ሰብስቢ። ካባረሩኝ ቀኑን ሙሉ አጠባዋለሁ፤ እኔ ግን ምን በልቼ?»

«በፈጣሪ ስም ይሰርቁሻል እኮ።»

«ይስረቁኝ። አንቺ ዝም በይ።»

ምላጭ ዝም አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አለች፤ ለሷ ይኼ ጾም ነበር። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጋሼ አንድ ወፍራም የምክር መጽሐፍ ይከፍታሉ። መጽሐፉ ለሁሉም ምዕራፍ አለው፤ ለባለትዳሮች፣ ለልጆች፣ ለታመሙ። ጋሼ ግን አንድ ምዕራፍ ላይ ተተክለው ቀሩ። «ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው» ይላል። ታዘዝ፣ አታጉረምርም፣ ሰዓት አክብር። ልብስ የሚተኩሱት እትዬ ካውያ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምላጭ የምታየው እህቷን ብቻ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጋሼ መነጽራቸው ላይ ተቀምጠው ሰበሩት። መጽሐፉን አንዴ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አንዴ አራቁት፣ አልሆነም።

«ማነሽ፣ አንቺ ታነቢ የለ? ነይ እስኪ። ይኼንን ምዕራፍ ብቻ።»

ምላጭ መቀሷን ኪሷ ከትታ ሄደች። ጥርት አድርጋ አነበበች፤ ታዘዝ የሚለውን እንደ ታዘዝ፣ አታጉረምርም የሚለውን እንደ አታጉረምርም። ምዕራፉ አለቀ። የሚቀጥለውን ገጽ ልትገልጥ ስትል ወረቀቱ እንደ ካርቶን ወፈረባት። ዳር ዳሩን አየችው። ሁለት ቅጠል እርስ በርሱ በነጭ ክር ተሰፍቷል።

ስፌቱን ወዲያው አወቀችው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ጫፉ ሁለቴ የተቋጠረ የእጅ ስፌት ነው። እንዲህ የሚሰፉት ጋሼ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ያልወደደውን ገጽ ይዘለዋል፤ ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። መቅደዱን ኃጢአት ነው ብለው ፈርተው ይሆናል። ስለ መስፋት ማንም የነገራቸው የለም።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተሰፍቷል።»

«ተቀዶ ነው። በቃሽ፣ ዝጊው።»

«ቅዳዱ የታለ?»

«ዝጊው አልኩሽ።»

ምላጭ የእህቷን ሸሚዝ አየች። ገና ስድስት ከሩብ ሆኖ ርሷል። መቀሷን አወጣችና ክሩን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገችው። አሥራ ሁለት ሴቶች ባሉበት ቤት ይኼ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሥራዬን ነው፣ ጋሼ።»

ከዚያ አነበበች። «ሠራተኛ ለሚያሠራ ሰው» ይላል ርእሱ። ሠራተኛህ የሚያርፍበት ሰዓት የሱ ነው። ከዚያ ላይ ቆርጠህ ብትጸልይበት እንኳ የጸለይኸው በሰረቅኸው ነው። ፈጣሪህን የስርቆት ተካፋይ አታድርገው።

ጋሼ ተነሡ። «በቃ፣ ሰዓቱ አልቋል።»

«ገና ሩብ ሰዓት ይቀራል» አሉ እትዬ ካውያ። ዓይናቸው ዛሬ አልተጨፈነም። «ድገሚልኝ እስኪ፣ ልጄ። ያቺን የስርቆቷን።»

ምላጭ ደገመችላቸው። ደግማ ሳትጨርስ እህቷ ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ጋ ደርሳለች።

«ቃሉ እየተነበበ ጥለሽ ትወጫለሽ?» አሉ ጋሼ።

እህቷ ዞር አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰምቻለሁ» አለችና ወጣች። ሌሎቹም ምሳ ዕቃቸውን እያነሡ ተከተሏት። ጋሼ መጽሐፉን ከምላጭ እጅ መንጭቀው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ምላጭ ያሸነፉ መሰላት። እህቷ ግን ሰባት ከአምስት ላይ ስትመለስ ፊቷ በልቅሶ አብጧል።

«አጠባሽው?»

«እምቢ አለኝ። ጡጦውን ለምዷል። ጡቴን ሳቀርብለት ፊቱን አዞረ።»

ምላጭ ያን ጊዜ የተሰማትን ንዴት ምን ላይ እንደምታሳርፈው አላወቀችም። ምዕራፍ ይመለሳል፣ ሰዓት ይመለሳል፤ ፊቱን ያዞረን ሕፃን ማን ይመልሰዋል? የቢሮውን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው የተቆረጡትን ክሮች አንድ በአንድ ከገጹ ላይ ይለቅማሉ። ቀና ብለው አላዩዋትም። «ላባርርሽ መስሎሽ ነው የመጣሽው?»

«ያባርሩኝ። ልጁ ግን የናቱን ጡት እምቢ ብሏል። እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

 ይቅርታ የሚባል ነገር ከጋሼ አፍ አልወጣም፤ ጭራሽ ጣታቸው ክሩን መልቀሙን ቀጠለ። ብቻ ወደ ገጹ እንዳጎነበሱ፣ «ነገ አምስት ተኩል ላይ ትውጣ» አሉ። «እስኪለምድ ድረስ።»

«ነገና ከነገ ወዲያም» አለች ምላጭ።

«እሺ።»

«በጽሑፍ ያድርጉልኝ።»

«አንቺ ልጅ...»

«በጽሑፍ፣ ጋሼ። ማንበብ እችላለሁ።»

ጋሼ የዩኒፎርም ልኬት የሚጻፍበትን ወረቀት ሳቡና ያለ መነጽራቸው፣ መስመሩን እየሳቱ፣ መጻፍ ጀመሩ። ምላጭ እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበበችው።