አርባ ዲግሪ

ፍሪጅ ጠጋኙ አማቱን የሚፈራቸውን ያህል ኤሌክትሪክ አይፈራም ነበር። ሽማግሌው ንብ አናቢ ናቸው፤ ማራቸው ጣፋጭ፣ ምላሳቸው እሬት። ልጃቸውን ካገባ ስድስት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ፍሪጆ» ነው የሚሉት፤ እንግዳ ፊት ሲሆን ደግሞ «ይሄ የልጄ ነገር»።

እንዲያም ሆኖ ሊያስደስታቸው ይፈልግ ነበር። በብርድ ወራት ማሩ ቆርቆሮው ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። እሳቸውም ፍል ውሃ ውስጥ እየነከሩ፣ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ሲያቀልጡት ይውላሉ። ይህን አይቶ ሞተሩ የሞተ ፍሪጅ ከሥራ ቦታው በጋሪ ገፍቶ አመጣ። ውስጡን አጽድቶ ከታች ሁለት ትልልቅ አምፖል ገጠመለት። ሙቀቱ እንዲዘዋወር ከአሮጌ ኮምፒውተር የነቀላትን ማራገቢያ ጨመረ፤ ከአምፖሎቹ በላይ ቆርቆሮ የሚሸከም የብረት መደርደሪያ አሰረ። የሙቀት መቆጣጠሪያም ገጠመና አርባ ዲግሪ ሲደርስ አምፖሉ በራሱ እንዲጠፋ አደረገ። «ከአርባ ካለፈ መዓዛው ይሄዳል» ያሉት ራሳቸው ነበሩ። ሦስት ቀን ቴርሞሜትር ከትቶ ፈተነው። ዝንፍ አላለም።

ሐሙስ አሥር ቆርቆሮ አስገቡ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነጋዴ ማሩን ሊያይ ይመጣል። አርብ ከሥራ ሲመለስ ከፍቶ አየው፤ ዳር ዳሩ ላልቷል። ወሬውን የሰማች ጎረቤትም አንገቷን አስግጋ አየችና በአማቱ ፊት፣

«አቤት እጅ! እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ያላሰቡትን እሱ በሳምንት!» አለች።

የጠጋኙ ልብ ቅቤ ጠጣ። አማቱ ፈገግ አሉ።

ቅዳሜ በማለዳ ለጥገና ወጥቶ ሲመለስ ነጋዴው ግቢው ውስጥ ቆሟል። በሩን በኩራት ከፈተው። የተቃጠለ ስኳር ሽታ ፊቱን መታው። ማሩ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል።

«ፍሪጅ ጠጋኝ ስለ ማር ምን ያውቃል?» አሉ አማቱ ለነጋዴው። «የዓመት ልፋቴን አከሰለው።»

ጥፋቱ የራሱ መሰለው። የሆነ ሽቦ ላልቶ ይሆናል አለ በልቡ። ነጋዴው እያየው፣ ጎረቤት በአጥር እየተንጠራራ፣ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ተነሥ አላሉትም። እንደተንበረከከ ትተውት፣ በአናቱ ላይ ከነጋዴው ጋር ስለ ዝናብ ማውራት ቀጠሉ። ነጋዴው ሲሄድ እሳቸውም ገቡ።

ብቻውን ሲቀር ሽቦውን መረመረ፤ ደህና ነው። የመቆጣጠሪያው ማዞሪያ ግን ዘጠና ላይ ቆሟል። ወጥ ቤት ገባ። ሚስቱ ቆርቆሮ ታጥባለች።

«ማዞሪያውን ማን ነካው?»

«አባባ ናቸዋ» አለች ቀና ሳትል። «አርብ፣ አንተ እጅህን ልትታጠብ ስትገባ። በመስኮት አየኋቸው።»

«አየሻቸው? ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«ሴትዮዋ በሰው ፊት አዋረደቻቸው እኮ። ለአንተ ብዬ አባቴን ላስቀይም?»

«ስንበረከክስ የት ነበርሽ?»

«እዚያው መስኮት ላይ።» ቆርቆሮውን ደፍታ አንጠፈጠፈችው። «ምን ሆንክ? ተንበረከክህ፣ አለቀ።»

ቆሽቱ አረረ። ቢናገርስ ማን ያምነዋል? ይቅርታውን መንደሩ ሁሉ በዓይኑ አይቷል።

በሳምንቱ አማቱ ማዞሪያውን አርባ ላይ መለሱት። «እኔ ካስተካከልኩት ወዲህ» እያሉ ለመጣው ሁሉ ያሳያሉ። ያቺው ጎረቤት የጠጠረ ማሯን ተሸክማ መጥታ፣ ቀልጦ ስታገኘው መርቃቸው ሄደች። የጠቆረውን ማር የሚነካው ሰው ስለጠፋ በየጠዋቱ ለእሱ ይቀርብለታል። ይመርራል፤ ይበላዋል።

አምፖል ሲቃጠል ግን ይጠሩታል። አንድ ቀን አንገቱን ፍሪጁ ውስጥ ከትቶ ሲቀይር አማቱ ከኋላው፣

«ጠንቀቅ በል ፍሪጆ፣ እንደዚያን ቀን እንዳታነድደው!» አሉ።

ሚስቱ ሳቀች። እሱም ከውስጥ ሆኖ ሳቀ፤ አምፖሉን አጥብቆ ወጣ።