ዝናብ ሳይወርድ የረጠበ ሜዳ

በዚያ ዓመት የመንደራችን የብሬሶል እግር ኳስ ክለብ ሁለት መልክ ነበረው። በሊጉ ከግርጌ አልነቃነቅ ብሎ ተቀምጧል፤ በፈረንሳይ ዋንጫ ግን ያገኘውን ሁሉ እየጣለ ሰባተኛው ዙር ደረሰ። ዕጣው የሁለተኛ ሊጉን ሴንት-ኦሬን አመጣለት። ደንቡ ለትንሹ ክለብ ስለሚያደላ ጨዋታው በእኛው ሜዳ ሊሆን ነው።

ባለቤቴ አንሰልም «አንድ ቀን ትልቅ ቡድን እዚህ መጥቶ ይጫወታል» ይል ነበር፤ ሰው ይስቅበታል። በመጋቢት ሞተ። ጨዋታው ከሜዳችን እንዳይወጣ ፈልጌ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ችግሩ የከርከሮ አደን ነው። መጸው ሲገባ ግማሹ ተጫዋች እሁድ እሁድ ጫካ ይውላል። ቡድኑ ሲጎድል የክለቡ ሊቀ መንበር ጊስላን ለከንቲባው ይደውላል። ከንቲባው ፌርናን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ «ሜዳው በዝናብ ምክንያት ተዘግቷል» የሚል ትእዛዝ ይፈርማል፤ የሊጉ ጨዋታ ይተላለፋል። በአካባቢያችን ይህን የማያደርግ መንደር የለም። በዚያ መጸው ግን ጠብታ አልወረደም።

ፌዴሬሽኑ ደወለ። «መጸውን ሙሉ ውሃ የተኛበት ሜዳ ዋንጫ አያስተናግድም። ጨዋታው ወደ ሴንት-ኦሬን ይዛወራል። ለማንኛውም ቅዳሜ ሰው ልከን እናያለን።»

«ይምጣና ደረቅ መሆኑን ይየዋ!» አለ ጊስላን።

«አንተ ምን አለብህ? ውሸታም የምባለው እኔ!» አለ ፌርናን።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ሐይቅ ሆኖ ጠበቀን። ዳክዬዎች ሳይቀሩ ሰምተው መጥተዋል። የመንደሩ የእሳት አደጋ መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ የውሃ ቱቦው ገና ይንጠባጠባል።

የፌዴሬሽኑ ሰው ሙሴ ሉቫሰር ጥቂት ተራምዶ አንድ ጫማውን ጭቃው ውስጥ ትቶ ተመለሰ።

«ምን ዓይነት ዝናብ ነው ይሄ?» አለ በአንድ እግሩ እየዘለለ። «መንገዱን ሁሉ አቧራ ስቅም ነው የመጣሁት!»

«የኛ ዝናብ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው» አለ ፌርናን።

«በሜዳው መስመር ልክ?»

«ሰማዩ ያውቅበታል፣ ጌታዬ።»

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ ጉድ!» አለ ጊስላን በሹክሹክታ።

ሙሴ ሉቫሰር ወደ እኔ ዞረ። ብዙ ዘመን ሒሳብ ማስተማሬ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም። «ማዳም፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ዘንቧል?»

ፌርናን በዓይኑ ለመነኝ። በባለቤቴ ቀብር ዕለት ክንዴን ደግፎ ያቆመኝ እሱ ነበር።

«አልዘነበም» አልኩ። «አንድም ቀን።»

«አንቺ! የወንድሜ ሚስት!»

«ወንድምህ ቢኖር ቱቦውን አንተው ላይ ይከፍተው ነበር።»

ሙሴ ሉቫሰር ሳቁን ለመደበቅ አጎንብሶ እርጥብ ካልሲውን ጨመቀ። «እንግዲህ ትእዛዙ ሁሉ ሐሰት ነው፤ ሜዳውም ጤነኛ ነው ማለት ነው። ነገ እዚሁ ትጫወታላችሁ። ውሃውን ክቡር ከንቲባው ያወጡታል። የተላለፉትን የሊግ ጨዋታዎች ግን ሁሉንም እንደተሸነፋችሁ ይቆጠራል።»

ጊስላን ዳክዬዎቹ መሃል ቁጭ አለ። ይህ ማለት ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ ነው።

ፌርናን ጀርባውን ሰጥቶኝ ውሃውን በባልዲ ሲጨልፍ ዋለ።

እሁድ ሴንት-ኦሬኖች በዚያ ጭቃ ውስጥ አምስት ለባዶ ቀጡን። መለያቸው ከእኛ መለያ እስከማይለይ ድረስ ተለውሰው ስለነበር በረኛችን አንዱን ግብ ያስቆጠረውን አቅፎ አመስግኗል። በሁለተኛው አጋማሽ ፌርናን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ወረድን እኮ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አሁን ደስ አለሽ?»

«ዝም በል» አልኩት፤ «የማዕዘን ምት ሊመቱ ነው።»