የሊና አረንጓዴ ኬክ

ሙርሺዳ ከአገሯ ርቃ በምትኖርበት ከተማ፣ ጀፕስታውን በሚባል ሰፈር ትንሽ ኬክ ቤት አላት። አንድ ማክሰኞ ሊና የሚባሉ ስዊድናዊት አዛውንት ቤሪያ ከሚባለው ሰፈር መጥተው አንድ ፎቶ አሳዩዋት። እንደ ጉብታ ያበጠ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ልባስ የለበሰ ኬክ ነው፤ አናቱ ላይ ሮዝ አበባ ጉብ ብላለች።

«እናቴ በየልደቴ ትሠራልኝ ነበር። እሑድ ሰማንያ ይሞላኛል። ራሴ እንዳልሠራው እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«እኔ እሠራልዎታለሁ፣ ጎጎ» አለች ሙርሺዳ። ዙሉ ደንበኞቿ አያቶቻቸውን ሲጠሩ ሰምታ የለመደችው ቃል ነው።

አሠራሩን በስልኳ ወደ አማርኛ አስተረጎመችው። ስስ ኬኩ፣ ማርማላታው፣ ክሬሙ አላስቸገራትም። ልባሱ ግን «የተፈጨ ለውዝ በስኳር ይታሻል» ይላል። ለውዝ ገዝታ ፈጨች፣ አሸች። ቀለም ብትጨምርበት ብትጨምርበት ጭቃ መሰለ።

ቅዳሜ ጠዋት ባሏ ሸረፈዲን ቡናማው ልባስ ጉብ ብሎ አየውና፣ «ግመል ነው የሠራሽው?» አላት።

ሳቋ መጣ፤ ግን ጨነቃት። ዝም ብላ ከማስረከብ ይሻላል ብላ ደወለች።

«ጎጎ፣ አልሆነልኝም። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ሊና ግን ሌላ ሰው አልፈለጉም፤ ታክሲ ይዘው መጡ። ከልባሱ ቆንጥረው ቀመሱና የተረፈውን ፍሬ ሲያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ስልኩ ለውዝ ያለው የዛፍ ፍሬውን አልሞንድን ኖሯል፤ ሙርሺዳ አገር ደግሞ ለውዝ ማለት ከአፈር የሚወጣው ኦቾሎኒ ነው።

ሸረፈዲን ማዶ ካለው ቅመም ቤት አልሞንድ ገዝቶ መጣ። ፍሬው ሙቅ ውኃ ውስጥ ቆየና ሊና ወንበር ስበው ይልጡ ጀመር። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም፣ ጫን ሲያደርጉት ነጩ ፍሬ እየተንሸራተተ ይወጣላቸዋል። ሙርሺዳ ትፈጫለች፣ ታሻለች። አሁን ቀለሙ የበቀለ ሣር መሰለ። በመዳመጫ አሳስታ ኬኩ ላይ ስትጥለው አንድ ጎኑ ተጨማደደ።

«ላፍርሰው?»

«ተዪው። ወደ ግድግዳው እናዞረዋለን።»

እሑድ ቤሪያ፣ ሊና ቤት፣ ጎረቤቶች ተሰብስበው ዘፈኑላቸው። ሊና መጀመሪያ የጎረሷትን ረጅም ጊዜ አላመጧት። ሙርሺዳ መታገስ አቃታት።

«የእናትዎን ይመስላል?»

«አይመስልም» አሉ ሊና። «እናቴ ስኳር ታበዛ ነበር።» ሳህናቸውንም ድገሚኝ ብለው ዘረጉላት።