የጭራቁ ድምፅ

ደግሞ ድምፁ ወፍራም ይሁን ይላል፣ አሁንም ወፍራም፣ ከጠዋት ጀምሮ ስታጓራ ውላ ጉሮሮዋ ተሰነጣጥቆ አልበቃውም፣ ደራሲው ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ እጁን ያወናጭፋል፣ ከሆድዎ ይምጣ እትዬ፣ ጭራቅ እኮ ነው። ጭራቅ! አስተዋወቃት እንግዲህ። እሱ ሳይወለድ ጀምሮ የምታውቀውን ጭራቅ።

እሺ፣ መጽሐፉ የሱ ነው፣ እሷ አንባቢ ናት፣ ድምፅዋን አከራይታ የምታድር ተዋናይ፣ ጭራቁን ፎቅ ላይ ያኑረው፣ ጥቁር ካፖርት ያልብሰው፣ ሰይፍ ያስይዘው፣ በልጅነቱ ተበድሎ ነው ክፉ የሆነው ይበል፣ ቆንጆ ልጅ ትውደደው፣ ትውደደዋ፣ ምን አገባት፣ ዘንድሮ ከተረት ያልተቀሰቀሰ ጭራቅ የለም፣ ሁሉም ፀጉሩን አስረዝሞ ትካዜ ይዞት ነው የሚነሳው፣ ይሁን። የበሩ ነገር ግን፣ የበሩ ነገር ጨጓራዋን ይልጠዋል። እናት ለማንም እንዳትከፍቱ ብላ ትወጣለች፣ ጭራቁ መጥቶ ያንኳኳል፣ እናታችሁ ነኝ ይላል፣ ይቺን ከድሮው ተረት እንዳለች ወስዷታል፣ ጎሽ፣ ታዲያ እናታችሁ ነኝ የሚል ጭራቅ እንደ ከባድ መኪና ያጓራል? የት ያሉ ጅል ልጆች ናቸው የሚከፍቱለት?

እማዬ ይቺን ተረት ስታጫውታቸው አታጓራም ነበር። ከክፍሉ ትወጣና በሩን ዘግታ ውጭ ትቆማለች፣ ልጆቼ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ፣ በራሷ ድምፅ፣ በዚያው እራት ብሉ በምትልበት ድምፅ፣ ፍርሃቱም እዚያ ላይ ነበር፣ እማዬ ትሁን ጭራቁ አይታወቅም፣ ታላቅ ወንድሟ ያ ጉረኛ እዚያው ሱሪው ላይ ይለቀው ነበር፣ ዛሬ ብትጠይቁት ይክዳል። ሲከፍቱ አንዳንዴ እማዬ ገብታ ታቅፋቸዋለች፣ አንዳንዴ ጭራቁ ገብቶ እስኪንፈራፈሩ ጎናቸውን ይኮረኩራቸዋል።

በራሷ ድምፅ። የቱ ድምፅ? እማዬ ከሞተች ወዲህ ፎቶዋ በየግድግዳው አለ፣ ድምፅዋ የትም የለም፣ የማንም ወሬ በስልክ ሲቀዳ እሷን የቀዳ የለም፣ ዕድሜዋን ማይክ ፊት የቆመች ልጇ እንኳን፣ አፈር ልብላ፣ አሁን ብትፈልጋት ብትፈልጋት አታገኛትም፣ ቃሉ አለ፣ ድምፁ የለም፣ ባለፈው ለወንድሟ ደወለች፣ የእማዬ ድምፅ ምን ዓይነት ነበር፣ እንጃ፣ ምን ዓይነት ይሆናል፣ የእናት ድምፅ ነዋ፣ ደህና ነሽ ግን አንቺ? ወንድም ተብሎ!

እትዬ፣ እንቀጥል? ምኑን ነው የምንቀጥለው፣ አንዴ በኔ መንገድ ልበላት ትላለች፣ ደራሲው አጠገቡ ያለውን የቀረጻ ቴክኒሻን ያያል፣ ቴክኒሻኑ ኮርኒሱን ያያል፣ እሺ፣ ለሙከራ ያህል። ለሙከራ! ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ጭራቁን ትተወዋለች፣ ካፖርቱንም ሰይፉንም፣ ስትደክም ውላ በር ላይ ቆማ ሳቋን የምትውጥ ሴት ብቻ፣ ልጆቼ ይከፍቱልኝ ይሆን የምትል፣

ልጆቼ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ።

በማዳመጫው የመጣው የሷ ድምፅ አይደለም። ክፈቱልኝ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጫፉ ላይ ይሻክራል፣ እማዬ ናት፣ እዚህ ጆሮዋ ስር፣ ወይኔ፣ ወይኔ እናቴ፣ ጠረጴዛውን ትይዛለች፣ ከመስታወቱ ወዲያ ደራሲው ከወንበሩ ተነስቷል፣ ፀጉሬ ቆመ እትዬ፣ በቃ ይቺው ናት፣ አሁን በማሽን ትንሽ እናወፍራታለን፣ ቴክኒሻኑ ጣቱን ወደ ማዞሪያው ይሰዳል፣ እንዳትነካት! ትጮሃለች፣ እንዳትነካት፣ ትሰማለህ፣ ጭራቃችሁን ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ መልሰህ አሰማኝ፣ እንዳለች፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ አሰማኝ፣