ያልተለካው ሞተር

የአገኘሁ ፒካፕ ሞተሯ የተቃጠለው ሰሊጥ ሊታጨድ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ከኮኪት ከተማ ወደ እርሻው ለአጫጆች ውሃና ምግብ የምታመላልሰው እሷ ነበረች። ሞተሩን ራሱ ሊቀይር ወሰነና ወጪውን ደብተር ላይ ጻፈ፦ ያገለገለ ሞተር፣ ዘይት፣ ቱቦ፣ የማንሻ ሰንሰለት ኪራይ። ሥራው በአራት ቀን እንደሚያልቅም አሰበ። ሚስቱ ሉሊት ፍየሎቿን ሸጣ ገንዘቡን ሰጠችው።

ከመግዛቱ በፊት መካኒኩን ጋሽ ሙሐመድጣሂርን ሊያማክር ጋራዣቸው ሄደ።

«ከካምቢዮው ጋር መግጠሙን ሳትለካ እንዳትገዛ» አሉት። «ደግሞ ከገንዘብህ ሲሶውን ላላሰብኸው ነገር አስቀምጥ።»

ጋራዡ ውስጥ ሰው ነበር። አገኘሁ ሳቅ ብሎ፣ «ሥራ ሲጠፋ ሰው ማስፈራራት ጀመሩ?» አላቸው። ሽማግሌው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

መተማ ዮሐንስ ከተማ ወርዶ ሞተሩን ገዛ። ሻጩ ይገጥማል ስላለው አልለካም። ቤት ሲመለስ ሉሊት፣ «ተለክቷል?» ብላ ጠየቀችው። ገንዘቡ የፍየሎቿ ነበርና እውነቱን መናገር ከበደው።

«ጋሽ ሙሐመድጣሂር ለክተውልኛል» አላት።

አሮጌውን አውርዶ አዲሱን በሰንሰለት አንጠልጥሎ ሲያስጠጋው የብሎኖቹ ቀዳዳ ከካምቢዮው ቀዳዳ ጋር አልገናኝ አለ። ሁለት ቀን ታገለ። ለሉሊት ግን «ትንሽ ነው የቀረኝ» ይላታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ሙሐመድጣሂር መለኪያቸውን ይዘው መጡ። ሉሊት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር።

«በደኅና ነው?» አላቸው አገኘሁ።

«ሚስትህ ትናንት ገበያ ላይ አግኝታኝ፣ ሞተሩን ስለለካሁላችሁ መረቀችኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አልለካሁም ብዬ አንተን ማዋረድ አልሆነልኝም። በከንቱም አልመረቅም ብዬ ልለካ መጣሁ።»

አገኘሁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሽማግሌው ፒካፗ ሥር ገብተው ለኩና ልብሳቸውን እያራገፉ ተነሡ።

«የራሱን ካምቢዮ ካላመጣህለት አይሆንም። መልሰህ ብትሸጠው ይሻላል።»

ለካምቢዮ የሚሆን አንድ ብር አልተረፈውም። ሉሊት ስትመለስ ጀሪካኗን ከጀርባዋ ሳታወርድ ነገራት።

«ሞተሩን ማንም አልለካውም። ዋሽቼሻለሁ።»

«ትናንት ሳመሰግናቸው አንገታቸውን ሲደፉ ገብቶኛል» አለች። «ራስህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይቀለው ነበር።

ሞተሩን ሻጩ በግማሽ ዋጋ መልሶ ወሰደው። አጨዳው ሲደርስ ሉሊት በዚያ ገንዘብ የጎረቤት ትራክተር ተከራየች። አገኘሁ ከኋላ የውሃውን በርሜል ደግፎ ይሄዳል። መንገድ ላይ «ፒካፗስ?» ለሚሉት «እኔው ነኝ ያበላሸኋት» ይላል፤ ደጋግሞ ቢለውም ግን ቃሉ አልቀለለውም።

ሰሊጡ ከገባ በኋላ ጋራዡ ሄደ። ደንበኞች ተቀምጠው ነበር።

«ያን ቀን የተናገርሁዎት ነውር ነው። ይቅር ይበሉኝ» አለ፣ ሁሉም እየሰማው።

ጋሽ ሙሐመድጣሂር እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ይቅር ብያለሁ፤ አረፍ በል» አሉት።

አገኘሁ ተቀመጠ። ወሬው ወደ ሌላ ጉዳይ ሄደ፤ እሱ ግን ቀና ብሎ ሰው ለማየት ብዙ ቆየ።